አብሮ መሄድና አብሮ መብላት፦ የፓንዳርፑር ዓመታዊ የእግር ጉዞና የእኩልነት ጥያቄ

1. መግቢያ

በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ትምህርታችን ደጋግመን ከምንሰማቸው ሐሳቦች አንዱ ሃይማኖታዊ ጉዞ የሰዎችን የደረጃ ልዩነት ያጠፋል የሚለው ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ለፈተና መልስም ይመቻል። ይሁንና አንድን ንድፈ ሐሳብ ማወቅና ያው ንድፈ ሐሳብ በተጨባጭ ሁኔታ ሲፈተሽ ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመሆኑም በዚህ አጭር ጽሑፍ በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት በየዓመቱ የሚካሄደውን የፓንዳርፑር የእግር ጉዞ እንደ መፈተሻ እወስዳለሁ። ጉዞው በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ «ዋሪ» ይባላል፤ ተጓዦቹም «ዋርካሪ» ይባላሉ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሂንዱ በዓላት ሲነሱ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በየጥቂት ዓመቱ በተለያዩ ከተሞች እየተፈራረቀ የሚደረገው ኩምብ ሜላ ነው። ዋሪ ግን በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ መድረሱ ብቻ ሳይሆን መሄዱ ራሱ ነው። ሁለተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት የሚከተለው ነው። ተጓዦቹ በመንገድ ላይ ከሚዘምሯቸው መዝሙሮች መካከል በዘራቸው ምክንያት ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች የደረሷቸው ይገኛሉ። የአንድ ሰው መዝሙር ለብዙ መቶ ዓመታት በሕዝብ ሁሉ አፍ ሲዘመር፣ የዚያው ሰው ወገኖች ግን ከደጅ እንዲቆሙ ሲደረግ ኖሯል። ታዲያ ይህ ጉዞ ሰዎችን እኩል ያደርጋል ማለት እንችላለን ወይ? ጽሑፉ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። (የዓመተ ምሕረት አቆጣጠሩ በሙሉ የአውሮፓውያን መሆኑን ከወዲሁ እገልጻለሁ።)

2. ቦታውና አምላኩ

ፓንዳርፑር በሶላፑር አውራጃ፣ በቢማ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ወንዙ እዚያ ሲደርስ እንደ ጨረቃ ማጭድ ስለሚታጠፍ በዚያ ቦታ ስሙ ይለወጥና ቻንድራባጋ ይባላል። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ወደ 100 ሺህ ይጠጋ ነበር። በዋናው በዓል ዕለት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንድ ዓመትም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይጎርፍባታል።

በቤተ መቅደሱ የሚመለከው አምላክ ቪትሃል ወይም ቪቶባ ይባላል። ተከታዮቹ የቪሽኑ፣ በተለይም የክሪሽና መገለጫ ነው ብለው ያምናሉ። ምስሉ በጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ ሲሆን ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ በአንዲት ጡብ ላይ ቆሟል። ለምን በጡብ ላይ ቆመ ቢባል፣ የአካባቢው ሰው የሚተርከው ታሪክ አለ። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው እናትና አባቱን በማገልገል ላይ ሳለ አምላክ ራሱ ሊጎበኘው ከደጁ መጣ። ፑንዳሊክ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ጡብ ወረወረለትና እስኪጨርስ ድረስ እዚያ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ነገረው። አምላክም እሺ ብሎ ቆመ፤ እስከ ዛሬም እንደቆመ ነው ይላሉ።

ይህ ታሪክ ተራ አፈ ታሪክ ቢመስልም ለርዕሳችን አንድ ቁም ነገር ይነግረናል። የዚህ እምነት አምላክ በሰው ደጅ የሚጠብቅ አምላክ ነው። የወላጅ አገልግሎት፣ የቤት ሥራና የዕለት ተዕለት ድካም ከአምልኮ ያነሱ ተደርገው አይታዩም። እምነቱ በገበሬውና በእጅ ሠራተኛው ዘንድ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

3. ጉዞው እንዴት ይካሄዳል?

ዋናው በዓል የሚውለው አሻድ በሚባለው የሂንዱ ወር፣ ጨረቃ በምትሞላበት አጋማሽ በ11ኛው ቀን ነው። ይህም በሰኔና በሐምሌ መካከል ይሆናል። ጊዜው የክረምቱ ዝናብ የሚገባበት ነው፤ ገበሬው ዘሩን ይዘራና ማሳውን ለዝናቡ አደራ ብሎ ይነሳል።

ከየአቅጣጫው የሚነሱ በርካታ ሰልፎች አሉ። ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአላንዲ የሚነሳው የድኛኔሽዋር ሰልፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዴሁ የሚነሳው የቱካራም ሰልፍ ነው። ሁለቱም ቦታዎች በፑኔ ከተማ አቅራቢያ ይገኛሉ። ከአላንዲ እስከ ፓንዳርፑር ያለው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

የሰልፉ ማዕከል «ፓልኪ» ነው። ፓልኪ ማለት ሰዎች በትከሻቸው የሚሸከሙት፣ በብርና በአበባ ያጌጠ መያዣ ነው። ውስጡ የቅዱሱን እግር የሚወክሉ «ፓዱካ» የተባሉ የብር ጫማዎች ይቀመጣሉ። ረጅሙን መንገድ ፓልኪው በበሬዎች በሚሳብ ሰረገላ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ልማዱን የጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የቱካራም ልጅ ናራያን ማሃራጅ እንደሆነ ይነገራል። የአላንዲውን ሰልፍ ዛሬ በምናውቀው መልክ ያደራጀው ደግሞ ቀድሞ በመሳፍንት አገልግሎት የነበረው ሃይባትራኦ አርፋልካር ነው። ይህም በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ መሆኑ ነው። የሰልፉ ሥርዓት ወታደር ወታደር የሚሸትበት ምክንያት ከዚህ የመጣ ነው ይባላል።

ተጓዦቹ «ዲንዲ» በሚባሉ ቡድኖች ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ ዲንዲ ቁጥር አለው፤ ከሰረገላው ፊት ወይም ከኋላው የተወሰነ ቦታም አለው። ወንዶቹ ነጭ ለብሰው ብርቱካንማ ባንዲራ ይይዛሉ። «ታል» የሚባሉትን ጥንድ የነሐስ ሳህኖች እያጋጩ በከበሮ ታጅበው ይዘምራሉ። ብዙ ሴቶች የበሶብላ ዘመድ የሆነውን የቱልሲ ተክል በማሰሮ አድርገው በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይሄዳሉ። ሁሉም ከቱልሲ እንጨት የተሠራ ዶቃ ባንገታቸው ያደርጋሉ። ዶቃውን ያሰረ ሰው ከሥጋና ከመጠጥ ይርቃል።

በመንገድ ላይ ከሚደረጉት ሥርዓቶች ሕዝቡ በጉጉት የሚጠብቀው «ሪንጋን» የሚባለውን ነው። ሕዝቡ ሰፊ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ ወይም በሁለት ረድፍ ተሰልፎ ይቆማል። ከዚያም አንድ ጋላቢ ያለበትና አንድ ጋላቢ የሌለበት ፈረስ መሐል ለመሐል ይጋልባሉ። ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ ቅዱሱ ራሱ ይጋልበዋል ተብሎ ይታመናል። ፈረሶቹ ካለፉ በኋላ ሕዝቡ ኮቴያቸው የረገጠውን አፈር እያነሳ ግንባሩን ይቀባል። ቀጥሎም ሽማግሌውም ወጣቱም እንደ ልጅ እየዘለለ ይጫወታል።

ማታ ማታ በሰፈራው ቦታ ሁሉም ይሰበሰባሉ። እዚህ ላይ አንድ በጣም የሳበኝ ነገር አለ። «ቾፕዳር» የሚባለው ሥርዓት አስከባሪ የብር በትሩን ሲያነሳ ያ ሁሉ ጩኸት ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ነገር ግን ቅሬታ ያለው ዲንዲ ካለ ሳህኖቹን ማጋጨቱን አያቆምም። ቾፕዳሩ ሄዶ ቅሬታውን እስኪሰማው ድረስ ያጮኻል። የጠፋ ዕቃ የተገኘም እንደሆነ እዚያው ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አቤት የሚባልበት የታወቀ መንገድ አለ ማለት ነው።

ተጓዦች እርስ በርስ የሚጠራሩት «ማኡሊ» እያሉ ነው፤ ትርጉሙ «እናት» ማለት ነው። ድኛኔሽዋርም ማኡሊ ነው፤ መንገድ የሚያሳየው ፖሊስም ማኡሊ ነው፤ ውሃ የምታድለው ልጅም ማኡሊ ናት። ታላቅ ታናሽ ሳይባል አንዱ የሌላውን እግር ይነካል። በየከተማው በጎ ፈቃደኞች የተበጠሰ ጫማ ይሰፋሉ፣ ጸጉር ይቆርጣሉ፣ ያበጠ እግር ያሻሉ። ምግብም ያበላሉ። ለምሳሌ የቱካራም ሰልፍ ያቫት የሚባለው መንደር ሲደርስ ነዋሪዎቹ የሚያቀርቡት ባክሪ የተባለ ቂጣና ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራ፣ የእኛን ሽሮ የሚመስል ወጥ ነው።

ፓንዳርፑር ሲደርሱ በቻንድራባጋ ይታጠባሉ፤ ዕለቱን ይጾማሉ። በበዓሉ ንጋት የክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር ከባለቤቱ ጋር ሥርዓተ አምልኮውን ይፈጽማል። ከወረፋው የተመረጡ ባልና ሚስት ተጓዦችም አብረውት ይቆማሉ። ወረፋው ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ግን ከተጓዡ አብዛኛው ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቤተ መቅደሱን ጉልላት ከሩቅ ተሳልሞ ይመለሳል። በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሕዝቡ እንዳይሄድ ሲከለከል ፓዱካዎቹ በአውቶቡስ ነበር የሄዱት። በ2022 የእግር ጉዞው እንደገና ቀጥሏል።

4. መዝሙሮቹ የማን ናቸው?

«አብሃንግ» የሚባሉት አጫጭር መዝሙሮች የተደረሱት ምሁራን ብቻ በሚያውቁት ሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ማራቲ ነው። ድኛኔሽዋር (1275–1296) ከብራህሚን ቤተሰብ ቢወለድም አባቱ ከምናኔ ወደ ትዳር ተመልሷል ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ከወገኑ ተገልሎ ነበር። ባጋቫድ ጊታን በማራቲ የተረጎመበትና ያብራራበት ሥራው የተጠናቀቀው በ1290 ነው። ቱካራም የ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ሲሆን ከዝቅተኛው መደብ የተወለደ ባለሱቅ ነበር። ናምዴቭ ልብስ ሰፊ ነበር። ጎራ ሸክላ ሠሪ፣ ሳቫታ አትክልተኛ፣ ሴና ጸጉር ቆራጭ ነበሩ። ጃናባይ ደግሞ በናምዴቭ ቤት የምትሠራ አገልጋይ ነበረች። እህል ስትፈጭ ቪትሃል ራሱ መጥቶ ወፍጮውን ያግዛት ነበር እየተባለ ይተረካል።

ከሁሉም በታች የሚገኘው ቾካሜላ ነው። ቾካሜላ በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ «አይነኬ» ከሚባሉት ከማሃር ወገን የተወለደ ሰው ነው። ሚስቱ ሶይራባይም መዝሙር ደራሲ ነበረች። የሁለቱም መዝሙሮች ርኩስና ንጹሕ የሚባለውን ልዩነት በቀጥታ ይጠይቃሉ። በትውፊቱ መሠረት ቾካሜላ የሞተው በማንጋልቬዳ የግንብ ሥራ ላይ እያለ ግንቡ ተደርምሶበት ነው። ናምዴቭ አጥንቱን ሊሰበስብ ሲሄድ የትኛው የቾካሜላ እንደሆነ ያወቀው ጆሮውን አስጠግቶ የቪትሃልን ስም የሚጠራውን በመለየት ነው ይባላል። መቃብሩም በፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ መግቢያ፣ ከደረጃው ግርጌ ተሠራ።

ይህ መቃብር ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ክብር ነው፤ ማንም ተሳላሚ እሱን ሳይሳለም አይገባም። በሌላ በኩል ድንበር ነበር። እስከ 1947 ድረስ የማሃር ወገን የሆነ ተጓዥ ከዚያ መቃብር ማለፍ አይፈቀድለትም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእግሩ ከሄደ በኋላ እዚያ ላይ ያበቃለታል።

5. የአንትሮፖሎጂስቶቹ ክርክር

ቪክቶር ተርነር በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ «ኮሚኒታስ» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ በስፋት አቅርቧል። በአጭሩ፣ ሰዎች ከዕለት ተዕለት ማዕረጋቸው ወጥተው በሽግግር ላይ ሲሆኑ ሰው ለሰው በቀጥታ የሚገናኙበት የአንድነት መንፈስ ይፈጠራል የሚል ነው። ተርነር ኋላ ላይ ይህን ሐሳብ ወደ ሃይማኖታዊ ጉዞዎች ሲያሰፋ ከተጠቀመባቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የፓንዳርፑር ጉዞ ነው።

የተርነር ምንጭ ከነበሩት አንዷ ሕንዳዊቷ አንትሮፖሎጂስት ኢራዋቲ ካርቬ (1905–1970) ናት። ካርቬ በፑኔ ዴካን ኮሌጅ ታስተምር የነበረች ሲሆን ጉዞውን ራሷ በእግሯ ሄዳ የጻፈችው ጽሑፍ በ1962 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ጽሑፏ የመንገዱን ደስታ በሰፊው ይገልጻል። ነገር ግን አንድ ነገር አሳዝኗታል። ብራህሚኖቹና ማራታዎቹ ቀኑን ሙሉ አብረው ሲዘምሩ ውለው ምሳ ሲደርስ ለየብቻ ይበላሉ። እሷ ግን ከማራታ ሴቶች ጋር ተቀምጣ በላች። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ቀረቧት፤ እጇን ይዘው እየሄዱ ስለ ኑሯቸው አጫወቷት። በመጨረሻም «ታይ» ብለው ጠሯት፤ በእኛ አነጋገር «እትዬ» እንደማለት ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳው የሚከተለውን ነው። ማኡሊ የሚለው ስም ለሁሉም በነጻ የሚሰጥ ነው። እትዬ የሚለው ግን ከማዕዱ በኋላ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ቃል የሥርዓቱ ነው፤ ሁለተኛው የሰዎቹ ነው። ስለዚህ በዋሪ ውስጥ ኮሚኒታስ የለም ማለት ስሕተት ይሆናል፤ መንገዱ ላይ ስላለ ብቻ ማዕድ ላይም አለ ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው። ማይክል ሳልኖ በ1981 በፔሩ አንዲስ ተራሮች ስለሚደረጉ ጉዞዎች በጻፈው ጥናት፣ ጉዞ ልዩነትንና ፉክክርንም ይዞ እንደሚሄድ አሳይቶ ተርነርን ተችቷል። የካርቬ ጽሑፍ ከዚያ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ ይህንኑ ጠቁሞ ነበር ለማለት ይቻላል።

6. በሩ እንዴት ተከፈተ?

በሩን የከፈተው መዝሙሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው።

በግንቦት 1947 መምህርና ጸሐፊ የነበረው ሳኔ ጉሩጂ ቤተ መቅደሱ ለሁሉም እንዲከፈት በመጠየቅ በፓንዳርፑር የረሃብ አድማ አደረገ። አድማው አሥር ቀን ያህል ቆይቶ በሩ እንዲከፈት ስምምነት ተደረሰ። በዚያው ዓመት በቦምቤይ ግዛት ቤተ መቅደሶችን ለሁሉም የሚከፍት ሕግ ወጣ። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 17 «አይነኬነትን» ጨርሶ ሰረዘ። ይሁንና የቤተ መቅደሱ ክህነትና ገቢ በዘር በሚወርሱ የብራህሚን ቤተሰቦች እጅ ነበር። ይህን የሚያስቀር ሕግ በ1973 ቢወጣም ክርክሩ በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ፈጅቶ በ2014 በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ። በዚያው ዓመት የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ከሌሎች ወገኖችና ከሴቶችም ጭምር ለክህነት አገልግሎት አመልካቾችን ጋበዘ።

ከዚህ እንደምንረዳው በሩን የከፈቱት አድማ፣ ሕግና ፍርድ ቤት ናቸው። ከ600 ዓመት በላይ የተዘመረው የቾካሜላ መዝሙር ብቻውን አልከፈተውም። ታዲያ መዝሙሩ ምንም አልሠራም ማለት ነው? አይመስለኝም። በሩ ሲዘጋ የሚያሳፍር ነገር እንዲሆን ያደረገው መዝሙሩ ነው። ሳኔ ጉሩጂ አዲስ ሃይማኖት ይዞ አልመጣም፤ ሕዝቡ ዕለት ዕለት የሚዘምረውን ይዞ ለምን በተግባር አይውልም ብሎ ነው የጠየቀው። ልክ እንደዚያ ማታ ሳህኑን ማጋጨት እንደማያቆመው ዲንዲ፣ የቾካሜላ መዝሙር ያልተሰማ ቅሬታን ለስድስት መቶ ዓመታት ሲያሰማ ቆየ።

በዚህ የማይስማሙ ሰዎችም እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። ከማሃር ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር ስለ «አይነኬዎች» አመጣጥ በ1948 ያሳተሙትን መጽሐፍ ቾካሜላን ጨምሮ ከዚሁ መደብ ለወጡ ሦስት ቅዱሳን መታሰቢያ አድርገውታል። ለሰውየው ክብር ነበራቸው። በደረጃው ግርጌ መጠበቁን ግን አልመረጡም፤ በጥቅምት 1956 በናግፑር ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቡድሂዝም ገቡ። ለእሳቸው የሚዘመር እኩልነት በቂ አልነበረም። ይህን ስናነብ የቾካሜላን መቃብር እንደ ክብር ብቻ ማየት የሚቻለው ደረጃውን መውጣት ለተፈቀደለት ሰው መሆኑ ይገባናል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የፓንዳርፑር ጉዞ የካስት ልዩነትን አላጠፋም። ነገር ግን ልዩነቱን የሚጠይቅ ቋንቋ በየዓመቱ፣ በመቶ ሺዎች አፍ፣ በአደባባይ እንዲነገር አድርጓል። ይህ ቋንቋ ወደ መብት የተለወጠው ሰዎች ከመዝሙሩ አልፈው ሲጾሙ፣ ሲከራከሩና ሕግ ሲያወጡ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ግን አይቻልም።

ለእኛ ለትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የአጠናን ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። ወደ በዓል ቦታ ለመስክ ሥራ ስንወጣ ዓይናችን የሚያርፈው በሰልፉ፣ በልብሱና በዝማሬው ላይ ነው፤ ፎቶግራፍ የምናነሳውም እሱን ነው። ካርቬ ግን ዋናውን ነገር ያገኘችው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ በመስክ ማስታወሻችን ላይ ማን ከማን ጋር ሄደ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ማን ከማን ጋር በላ፣ ማንስ የት ላይ እንዲቆም ተደረገ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እንድንጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ።